ስኳር ውሃን ይስባል፤ ለተቅማጥ የምንሰጠው ውህድ ለምን በልክ ይሁን?

(በካምፑ ራዲዮ የጤና ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)

  የዛሬውን የጤና ዝግጅት የምናቀርብላችሁ ከጅቡቲ ከተማ ነው። ርእሳችን ስኳርና ውሃ ነው። «ሻይ የማይፈላበት ቤት የለ፤ ስለ ስኳርና ውሃ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልጋል?» የሚል አድማጭ አይጠፋም። ነገር ግን ይኸው ስኳር በልኩ ሲሆን በተቅማጥ የደከመን ሕፃን ከሞት ያድናል፤ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ የዚያኑ ሕፃን ተቅማጥ ያብሳል። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ በእጃችን ባለ ነገር፣ ማለትም በአንድ ድንች፣ ማየት ይቻላል። ስለዚህ እስከ መጨረሻው አብራችሁን ቆዩ።

በወጥ ቤት የምናየው

ቲማቲምና ሽንኩርት ከትፋችሁ ሰላጣ ስትሠሩ ጨው ነስንሳችሁ ጥቂት ብትቆዩ ሳህኑ ውስጥ ውሃ ይጠራቀማል። ውሃውን ማንም አልጨመረውም። ከቲማቲሙና ከሽንኩርቱ ውስጥ የወጣ ነው። በተቃራኒው ደግሞ በዚህ አገር ሙቀት የጠወለገ ጎመን ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሲነከር ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቅጠሉ ቀና ይላል። ገበያ ላይ አትክልት የሚሸጡ እናቶች በየጊዜው ውሃ የሚረጩትም ለዚሁ ነው።

በመጀመሪያው ውሃ ከአትክልቱ ወጣ፤ በሁለተኛው ውሃ ወደ አትክልቱ ገባ። ውሃው መግባት ወይም መውጣቱን የሚወስነው ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ቀጥሎ ያለውን ሙከራ ከልጆቻችሁ ጋር ብትሠሩት መልካም ነው።

የድንች ሙከራ

አንድ ድንች ልጡና እንደ ጣት ቀጠን አድርጋችሁ፣ ርዝመቱንና ውፍረቱን እኩል አድርጋችሁ ቁረጡት። ሦስት ብርጭቆ አቅርቡና በእያንዳንዱ ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጨምሩ። የመጀመሪያው ባዶ ውሃ ይሁን። በሁለተኛው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ በሦስተኛው ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምራችሁ በደንብ አሟሙት። ከዚያ በየብርጭቆው ሁለት ሁለት የድንች ቁራጭ ክተቱና ከጠዋት እስከ ቀትር በኋላ አቆዩት። ቢያንስ ሦስት ወይም አራት ሰዓት ያስፈልገዋል።

ሰዓቱ ሲደርስ ቁራጮቹን አውጥታችሁ በእጃችሁ እጠፏቸው። ከባዶው ውሃ የወጣው ድንች ጠጥሮ ታገኙታላችሁ፤ ሲታጠፍ «ቀጭ» ብሎ ይሰበራል። ከሦስተኛው ብርጭቆ የወጣው ግን ልፍስፍስ ብሎ እንደ ጎማ ይታጠፋል፤ ሰውነቱም ያነሰ ይመስላል። የመሀከለኛው ከሞላ ጎደል እንደ ነበረ ይገኛል። ሚዛን ያለው ሰው ከመክተቱ በፊትና ካወጣው በኋላ ቢመዝነው የመጀመሪያው ክብደት እንደ ጨመረ፣ የሦስተኛው ደግሞ እንደ ቀነሰ ያያል። ድንች ውሃ የማይጨምርበትና የማይቀንስበት የስኳር መጠን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሊትር ከ70 እስከ 120 ግራም አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ድንቹ ውሃ ይጠጣል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ውሃውን ይነጠቃል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ድንችም ሆነ ቲማቲም፣ የሰው ገላም ቢሆን፣ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ክፍሎች የተገነባ ነው። እነዚህን ህዋሳት እንላቸዋለን። እያንዳንዱ ህዋስ በስስ ሽፋን የተከበበ ነው። ይህ ሽፋን ውሃን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ስኳርንና ጨውን ግን እንዲሁ አያሳልፍም። በሽፋኑ በአንዱ በኩል ብዙ ስኳር ወይም ጨው ሲኖር፣ ውሃ ከቀጭኑ ወገን ወደ ወፈረው ወገን ይሄዳል። ይህ የውሃ ጉዞ በሳይንስ ቋንቋ ኦስሞሲስ ይባላል። ስሙ ቢጠፋባችሁ አታስቡ፤ «ውሃ ስኳርና ጨው ወደ በዛበት ይሄዳል» የምትለዋን ብቻ ያዙ።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። ቪልሄልም ፔፈር የተባለ ጀርመናዊ የእፅዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1877 በሸክላ ዕቃና በስስ ሽፋን ተጠቅሞ የስኳር ውሃ ምን ያህል እንደሚስብ ለክቶ ነበር። የስኳሩ መጠን እጥፍ ሲሆን የመሳቡም ኃይል እጥፍ ያህል እንደሚሆን አሳየ። ይህችን ነገር አስታውሱልን፤ ወደ ሕፃኑ ሆድ ስንመጣ ትጠቅመናለች።

ከድንች ወደ አንጀታችን

የአንጀታችን ግድግዳ እንደ ድንቹ ሽፋን ውሃን በሁለቱም አቅጣጫ ያሳልፋል። በአንደኛው ወገን የበላነውና የጠጣነው አለ፤ በሌላው ወገን ደማችን አለ። ሰው በተቅማጥ ሲያዝ፣ በተለይም እንደ ኮሌራ ባለው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ውሃና ጨው ከገላ ወደ አንጀት እየፈሰሰ ይወጣል። ሕፃናትን በተቅማጥ ጊዜ በብዛት የሚገድላቸው ይህ የውሃና የጨው መሟጠጥ ነው።

«እንግዲያው ውሃ ብቻ እናጠጣው» እንዳይባል ባዶ ውሃ የወጣውን ጨው አይተካም፤ ወደ ደምም በሚፈለገው ፍጥነት አይገባም። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ግኝት አለ። ሮበርት ክሬን የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1960 በፕራግ ከተማ በተደረገ ስብሰባ ላይ፣ በአንጀት ግድግዳ ላይ ግሉኮስ የተባለውን የስኳር ዓይነትና ሶዲየም የተባለውን የጨው ክፍል አንድ ላይ የሚያስገባ በር መኖሩን ገለጸ። ሁለቱ ተያይዘው ይገባሉ፤ ውሃም ይከተላቸዋል። በኮሌራ ጊዜ ሌላው ሥራ ቢበላሽም ይህ በር ሳይዘጋ ይቆያል። ስኳር በውህዱ ውስጥ የሚጨመረው እንግዲህ ለማጣፈጥ ሳይሆን ጨውንና ውሃን ይዞ እንዲገባ ነው።

ይህ እውቀት በብዙ ሕዝብ ላይ የተፈተነው እንደ እኛው በስደተኞች መጠለያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ሕንድ ተሰደዱ። በድንበሯ ከተማ በቦንጋኦን ኮሌራ ገባ። ሕሙማኑ በወለል ላይ ሳይቀር ተኝተው ነበር፤ በደም ሥር የሚሰጠውም ፈሳሽ አለቀ። በዚያ የነበሩት ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ ጨው፣ ግሉኮስና ቤኪንግ ሶዳ በላስቲክ ከረጢት እያስመዘኑ፣ በውሃ አስበጥብጠው፣ የታማሚ ቤተሰቦች በኩባያ እንዲያጠጡ አደረጉ። ከዚያ በፊት ከመቶ ታማሚ ሠላሳ ያህሉ ይሞት ነበር። በዚህ ዘዴ ከታከሙት ከ3 ሺህ በላይ ሰዎች ግን የሞቱት ከመቶ አራት አይሞሉም፤ 3.6 በመቶ ነበሩ። አዘገጃጀቱም በወረቀት ታትሞ ታደለ፣ በራዲዮም ተነገረ። ዶክተሩ እ.ኤ.አ. በ2022 አርፈዋል። ሥራቸው ግን በየጤና ጣቢያው በምናየው ትንሽ ፓኬት ውስጥ አለ። ይህ ፓኬት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ወይም ኦ.አር.ኤስ የሚባለው ነው፤ አንዳንዶቻችሁም በአገር ቤት «ለምለም» በሚለው ስሙ ታውቁታላችሁ።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ያን ሁሉ ሕዝብ ያዳኑት ሐኪሞች ብቻ አልነበሩም፤ ኩባያ ይዘው የተቀመጡ እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች ነበሩ።

ስኳር ሲበዛ ምን ይሆናል?

አንዲት እናት የዓመት ተመንፈቅ ልጃቸውን አዝለው መጥተው ነበር። ሕፃኑ ሁለት ቀን ሙሉ ተቅማጥ አልቆመለትም፤ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ አፉ ደርቋል።

«እናቴ፣ ሕይወት አድኑን ሰጥተውት ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሰጥቼዋለሁ እንጂ፣ ሲስተር። ቤት ውስጥ ራሴ በጥብጬ ነው የሰጠሁት። ጨው ጨው ሲለው እንቢ አለኝ፤ እንዲጣፍጠው ብዬ ስኳሩን ደኅና አድርጌ ጨመርኩበት። እሱንም እንቢ ሲል ለስላሳ ገዝቼ አጠጣሁት። እሱን ጠጣልኝ፤ ተቅማጡ ግን ባሰበት» አሉኝ።

እኚህ እናት ለልጃቸው ያላቸውን ሁሉ አድርገዋል። ለስላሳውን የገዙት ከዕለት ምግባቸው ቀንሰው ነው። የጎደለው ፍቅር ሳይሆን የድንቹ ትምህርት ነው። ስኳሩ ከልክ ሲያልፍ በአንጀት ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከደሙ ይልቅ ይወፍራል። ውሃ ስኳር ወደ በዛበት ይሄዳል ብለናል፤ ስለዚህ ከሕፃኑ ደም ወደ አንጀቱ ውሃ ይሳባል፤ ተቅማጡም ይበረታል። በሦስተኛው ብርጭቆ የነበረው ድንች የደረሰበት ነገር በሕፃኑ ላይ ይደርሳል ማለት ነው።

ብዙ የለስላሳ መጠጦች በአንድ ሊትር 100 ግራም ያህል ስኳር አላቸው። ከዚህም በላይ የተለመደው ስኳር አንጀት ውስጥ ሲደርስ እያንዳንዱ ቅንጣት ለሁለት ይከፈላል፤ የመሳብ ኃይሉም እጥፍ ይሆናል። በዚህ ስሌት የለስላሳው ፈሳሽ ከደማችን ሁለት እጥፍ ያህል የወፈረ ይሆናል። በሌላ በኩል ጨው የለውም በሚያሰኝ ደረጃ ጥቂት ነው። ስለዚህ ለስላሳ፣ በጣም የጣፈጠ ሻይና የታሸገ ጭማቂ ለተቅማጥ መድኃኒት አይሆኑም።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ራሳቸው በዚሁ ምክንያት የፓኬቱን አሠራር ለውጠዋል። ከ1975 ጀምሮ ይሠራበት የነበረው ለአንድ ሊትር 20 ግራም ግሉኮስና 3.5 ግራም ጨው ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2002 ግሉኮሱ ወደ 13.5 ግራም፣ ጨው ወደ 2.6 ግራም ዝቅ ተደረገ። ኮሌራ ያልሆነ ተቅማጥ በያዛቸው ሕፃናት ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ በቀነሰው ውህድ ትውከቱ በ30 በመቶ፣ የተቅማጡ ብዛት በ20 በመቶ ያህል ቀነሰ፤ በደም ሥር ፈሳሽ የሚያስፈልጋቸው ልጆችም በሲሶ አነሱ። ሊቃውንቱ እንኳ ያሻሻሉት በመቀነስ ነው፤ እኛም በቤታችን ከልኩ ላይ መጨመር የለብንም።

የአዘገጃጀት መመሪያ

በመጀመሪያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ፓኬት ካላችሁ የሚከተለውን አድርጉ፤

1. በፓኬቱ ላይ ለስንት ውሃ እንደ ሆነ አንብቡ ወይም አስነብቡ። ብዙዎቹ ለአንድ ሊትር ናቸው፤ ለግማሽ ሊትርና ከዚያም ላነሰ ውሃ የሚሆኑ ግን አሉ።

2. ውሃው የተጣራ ይሁን፤ ማለትም ተፈልቶ የቀዘቀዘ ወይም በውሃ ማከሚያ የታከመ። ከበጠበጣችሁ በኋላ ግን አታፍሉት።

3. በሃይላንድ ስትለኩ ተጠንቀቁ። በየቦታው የምናገኘው ትልቁ ሃይላንድ ብዙ ጊዜ የአንድ ሊትር ተኩል ነው። ለአንድ ሊትር ከሦስት እጅ ሁለቱን እጅ ብቻ ሙሉት።

4. ፓኬቱን በሙሉ ጨምሩ። «ግማሹን ለዛሬ፣ ግማሹን ለነገ» ማለት አይገባም፤ በዱቄቱ ውስጥ ጨውና ስኳሩ እኩል ተደባልቆ ላይገኝ ይችላል። ስኳርም፣ ጨውም፣ ወተትም፣ ለስላሳም አትጨምሩበት።

5. ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ አስቀምጡት። 24 ሰዓት ካለፈው ድፉትና ሌላ አዘጋጁ።

ፓኬት ካጣችሁ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ማንኪያው ልሙጥ ይሁን፤ የተከመረውን በቢላ ጀርባ ወይም በጣት ጥረጉት። ለድንቹ በግማሽ ብርጭቆ የጨመርነውም ስድስት ማንኪያ ነበር። ያው ስድስት ማንኪያ በግማሽ ብርጭቆ ሲሆን ውሃ ነጣቂ ነው፤ በአንድ ሊትር ሲሆን ውሃ ሰጪ ነው።

ከመስጠታችሁ በፊት ቅመሱት። ከእንባ የበለጠ ጨው ጨው ካለ ድፉትና እንደ ገና አዘጋጁ። በጅቡቲ ምድር አንዳንዱ የጉድጓድ ውሃ ራሱ ጨዋማ መሆኑን ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ለዚህ ሥራ ጨው ጨው የማይለውን ውሃ ምረጡ። የቤቱ ውህድ በፓኬቱ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ስለሚጎድለው ፓኬት እስኪገኝ ብቻ የሚያገለግል ነው። ፓኬቱን ወዲያው ከጤና ጣቢያ ጠይቁ።

«የሩዝ ውሃና አጥሚትስ?» ብላችሁ የጠየቃችሁ አላችሁ። ጥቂት ጨው ያለበት ቀጭን የሩዝ ውሃ ወይም ቀጭን አጥሚት ጥሩ ነው። የእህል ዱቄት ውስጥ ያለው ስታርች ትልልቅ ቅንጣት ስለ ሆነ እንደ ስኳር ውሃ አይስብም፤ ቀስ በቀስ እየተፈጨ ግሉኮስ ይሰጣል። ስኳር ግን አታብዙበት።

አሰጣጡ

ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከሩብ እስከ ግማሽ ብርጭቆ ስጡት። ከሁለት እስከ አሥር ዓመት ላለው ከግማሽ እስከ አንድ ብርጭቆ፤ ከዚያ በላይ ለሆነ የፈለገውን ያህል። ለሕፃን በጡጦ ሳይሆን በኩባያና በማንኪያ፣ ቀስ በቀስ ይሰጠዋል። ካስመለሰው አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁ ከበፊቱ ቀስ ብላችሁ ቀጥሉ። ጡት አታቋርጡ፤ የሚበላ ልጅም ይብላ። ለሕፃናት ዚንክ የሚባለው እንክብል ከ10 እስከ 14 ቀን ይሰጣል፤ መጠኑን ጤና ጣቢያው ይነግራችኋል፤ ተቅማጡ ቢቆምም እስከ መጨረሻው ቀን ስጡት።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ይህ ውህድ ተቅማጡን ወዲያው አያቆምም፤ የወጣውን ውሃና ጨው ይተካል። «አልቆመለትም» ብላችሁ አትተዉት። «ግሉኮስ ካልተሰቀለለት አይድንም» የሚሉም አሉ። መጠጣት የሚችል ሰው አብዛኛውን ጊዜ በኩባያ ብቻ ይድናል፤ በደም ሥር የሚሰጠው በጣም ለተዳከመና መጠጣት ላቃተው ነው።

ከሚከተሉት አንዱን ካያችሁ ግን ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ በመንገድም ላይ ማጠጣቱን አታቋርጡ፦ መጠጣት ካቃተው፤ ከደነዘዘ ወይም ለመቀስቀስ ካስቸገረ፤ ዓይኑ ከጎደጎደ፤ የሆዱ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ፤ ሽንቱ ከጠፋ፤ ሰገራው ደም ካለበት፤ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፤ ወይም ተቅማጡ እንደ ሩዝ ውሃ እየነጣ በብዛት ከወረደ። ዕድሜው ከስድስት ወር በታች የሆነ ሕፃን ደግሞ ምልክት ሳይጠበቅ በጊዜ መታየት አለበት።

ለተጓዦች አንድ ቃል

ከመሰናበታችን በፊት ለወጣቶቻችን አንድ ነገር እንበል። ከጅቡቲ ከተማ በስተ ምዕራብ ያለውን የአሳልን ሐይቅ የማያውቅ የለም። ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ ሲሆን ጨውነቱ ከባሕር አሥር እጥፍ ያህል ይሆናል። ጨውን ከዚያ የሚጭኑት የአፋር ግመል ነጂዎች የሚጠጣ ውሃ ከሌላ ቦታ ይዘው ይሄዱ እንደ ነበር አስቡ። ሰው በበረሃ ሲጠማ፣ በኦቦክ መንገድ ላይም ሆነ በጀልባ፣ የባሕር ውሃ ወይም ጨዋማ ውሃ ቢጠጣ ጥሙ ይብስበታል። ኩላሊት ያን ያህል ጨው ለማስወጣት ከጠጣው የበለጠ ውሃ ይከፍላልና። እዚህም ሕጉ ያው የድንቹ ሕግ ነው።

የተከበራችሁ አድማጮች፣ የዛሬውን በአጭሩ ስናጠቃልለው፦ ውሃ ስኳርና ጨው ወደ በዛበት ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ሊትር ውሃ፣ አንድ ሙሉ ፓኬት፣ ምንም ሳይጨመርበት። ፓኬት ከሌለ ስድስት ልሙጥ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ ልሙጥ ማንኪያ ጨው፣ አንድ ሊትር ውሃ። ይህን ወረቀት ያነበባችሁ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው። በየቤቱም የአንድ ሊትር ልክ በሃይላንዱ ላይ በሚስማር ወይም በቀለም ምልክት ይደረግበት፤ ሌሊት ልጅ ሲታመም ልክ የሚፈለግበት ጊዜ አይኖርም።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።